ባለቤት የሌላት ድመት በጠና መታመሟ በምን ይታወቃል? (ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ባቲ፣ ወልድያ)

ሆጤ_ሰፈር

ሰላም ጀመዓ። በሥጋ ቤት ደጃፍ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በእህል መጋዘን ዙሪያ ያሉ ድመቶችን የምታበሉ ሁሉ እዚህ ኑ። እጅ የማታስነካ ድመት በጠና መታመሟን ከሩቅ እንዴት ነው የምናውቀው? የማውቀውን አስቀምጣለሁ፤ የጎደለውን ሙሉበት፣ የተሳሳተውን አርሙ።

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። መድከሟ ከታወቀ ሌሎቹ ከምግቡ ይገፏታል፣ ውሻም ይደፍራታል። ስለዚህ ስታቃስት እስክትሰሙ ከጠበቃችሁ ነገሩ አልፏል። መታየት ያለበት ለውጡ ነው። በምግብ ሰዓት ቀድማ የምትደርሰው ወደኋላ ስትቀር፣ ምግቡን አሽትታ ስትመለስ፣ ጸጉሯን መላስ ትታ ሲቆምና ሲቆሽሽ፣ አራት እግሯን ከሆዷ ሥር ሰብስባ፣ አቀርቅራ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ለሰዓታት ኩርምት ስትል እዩዋት። ወደ ሳህኑ መጥታ አንዴ ነክሳ እየጮኸች የምትሸሸው ደግሞ ርቧታል፣ መብላት ነው ያቃታት፤ አፏ ውስጥ ቁስል ወይም የተበላሸ ጥርስ አለ።

ዓይኗንም ተመልከቱ። በአፍንጫ በኩል ካለው የዓይን ጥግ የሚወጣው ነጣ ያለ ሽፋን በሁለቱም ዓይኖች ላይ ተጋርዶ ከቀረ ሰውነቷ በሙሉ ታሟል ማለት ይቻላል። በአንዱ ብቻ ከሆነ የዚያው ዓይን ጉዳት መሆኑ ያመዝናል።

ብዙ ሰው የሚደሰትበት ምልክት ደግሞ አደገኛው ነው፦ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሽ የኖረች ድመት ድንገት መሸሽ ስትተው። «ለመደችን» ብላችሁ እጃችሁን አትዘርጉ። ወይ መሮጥ አቅቷታል፣ ወይ ከዚያ የባሰ ነው።

መክሳት ግን ብቻውን አያሳምንም። በሁዳዴ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ለ55 ቀን ሲዘጋ ድመቶቹ ወይ ወደ እስላሙ ሥጋ ቤት ይዛወራሉ፣ ወይ ባሉበት ይከሳሉ። በዚያ ወቅት የጠፋች ሁሉ ታመመች አይባልም፤ ሁሉም አብረው ከከሱም ረሃብ ነው። አንዷ ብቻ እየበላች ከከሳች ነው ነገሩ። ወጣት ከሆነች ወስፋት አስቡ፣ አሮጊት ሆና ውሃ ካበዛች ኩላሊቷን ጠርጥሩ።

ባቲ_ሰኞ

አተነፋፈሱን ረሳኸው እኮ ወንድምዓለም። ዋናው እሱ ነው። ተኝታ ወይም ተቀምጣ ሳለች ጎኗን ከሩቅ እዩ፤ ወጣ ብሎ ሲገባ አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። 30 ሴኮንድ ቆጥራችሁ በ2 አባዙት። ዕረፍት ላይ ያለች ጤነኛ ድመት በደቂቃ ከ16 እስከ 30 ትተነፍሳለች። ከ40 ካለፈ ችግር አለ።

እኛ ቆላዎቹ ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። ሮጣ ወይም ፀሐይ ላይ ቆይታ የመጣች ድመት ለጥቂት ደቂቃ አፏን ልትከፍት ትችላለች። ጥላ ውስጥ 10 ደቂቃ ቆይታም አፏን ከፍታ ካለከለከች፣ ክርኗን ከጎኗ አርቃ፣ አንገቷን ዘርግታ፣ በሆዷ የምትስብ ከሆነ ሳንባዋ ወይም ልቧ ነው። ውሻ ማለክለክ ልማዱ ነው፤ ድመት ግን ዝም ብላ አታለከልክም። እንዲህ ያለችውን አታሯሯጧት፤ ለመያዝ የሚደረገው ግብግብ ራሱ ሊገድላት ይችላል።

ሐይቅ_ዳር

አሳ የሚጸዳበት ቦታ አፏን ከፍታ ለሃጯን የምታዝረበርብ ድመት በየጊዜው ትታያለች። ሰው ሁሉ «ለክፏታል» ብሎ ድንጋይ ያነሳል። አጥንት መሆኑን ከእብድ ውሻ በሽታ በምን እንለያለን?

የእንስሳት_ሀኪም_ኮምቦልቻ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለሃጭ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የአሳ አጥንት ወይም ክር የተሰነቀረባት ድመት አፏን በመዳፏ ደጋግማ ትጠርጋለች፣ ራሷን ታራግፋለች፣ ለመዋጥ ትሞክራለች፣ አካባቢዋን ግን ታውቃለች፤ ስትቀርቧት ትሸሻለች። የድድና የምላስ ቁስል ያለባት ቀስ በቀስ ነው የሚብስባት፣ ለሃጯም ይሸታል። መርዝ የበላች ደግሞ ከለሃጩ ጋር ትንቀጠቀጣለች፣ ታስመልሳለች፣ ወይም ያስቀምጣታል።

በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘችው ጠባይዋ ነው የሚለወጠው። ጨዋዋ ያለ ምክንያት ዘላ ትነክሳለች፣ ቁጡዋ ትለማመጣለች፣ ድምጿ ይሻክራል፣ አረማመዷ ይዛባል፣ የኋላ እግሯ ይከዳታል፣ በመጨረሻም መንጋጋዋ ይላላና መዋጥ ያቅታታል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ትሞታለች። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ መንጋጋው የላላው ራሱ አጥንት የተሰነቀረባት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የማታውቁትን ድመት አፍ በእጃችሁ ከፍታችሁ አጥንት ልታወጡ አትሞክሩ። በፍጹም።

ድመቷ ነክሳችሁ ወይም ቧጥጣችሁ ከሆነ ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፣ አዮዲን አድርጉበት፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ድመቷ ከተያዘች 10 ቀን ተዘግቶባት ትታያለች፤ በነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆና ከቆየች በነከሰችበት ዕለት በምራቋ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። እናንተ ግን ክትባት ለመጀመር 10ሩን ቀን አትጠብቁ። ከሞተች ወይም መገደል ካለባት ጭንቅላቷ አይመታ፤ ምርመራው የሚሠራው በአንጎሏ ነው። ሬሳዋን ራሳችሁ አትንኩ፣ ለወረዳው እንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ፤ ናሙናውን እሱ ይላከው። ጸበሉም ሆነ የባህል መድኃኒቱ የየሰው እምነት ነው፣ ነገር ግን ሳሙናውንና ክትባቱን አይተኩም። በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

እቴ_ዘሀራ

አላህ ይስጥህ ዶክተር። እኔ የምጠይቀው፣ ትኩሳት ያላት ስትመስል የልጆቹን የፓራሲታሞል ሽሮፕ በወተት አድርጎ መስጠት ይቻላል?

የእንስሳት_ሀኪም_ኮምቦልቻ

እቴ፣ እባክሽን እንዳትሞክሪው። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያስወግድበት መንገድ በጣም ደካማ ነው። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያህል አለው፤ አንድ ማንኪያ ለ3 ኪሎ ድመት በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ሆነ ማለት ነው። በኪሎ 10 ሚሊ ግራም እንኳ የሚመርዛት ድመት አለች። የ500 ሚሊ ግራሙ ክኒን አንዱ ይበቃታል፣ ይገድላታል። በሰዓታት ውስጥ ደሟ ኦክስጂን መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም ለድመት በግምት የሚሰጡ አይደሉም።

ወተቱም አይጠቅማት። አብዛኞቹ አዋቂ ድመቶች የወተት ስኳር አይፈጭላቸውም፣ ተቅማጥ ይጨምርባቸዋል። ውሃና ጨው የሌለው የሥጋ መረቅ ይበቃል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያልገባበት ይሁን፣ ሁለቱም ደሟን ይጎዳሉ።

ትኩሳት ደግሞ ጆሮ በመንካት አይታወቅም። በፊንጢጣ ሲለካ ከ38.1 እስከ 39.2 ዲግሪ ጤነኛ ነው። ለሰው ትኩሳት የሆነው 38.5 ለድመት ደህና ነው። ከ37.5 በታች መውረዱ ግን፣ በተለይ በደሴ ብርድ፣ ከትኩሳቱ የበለጠ ያስፈራኛል። የቀዘቀዘች ድመት አንጀቷ ስለማይሠራ አታብሏት። በጨርቅ የተጠቀለለ ለብ ያለ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከጎኗ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ አሙቁ፣ ከዚያ ነው ምግብ።

ወልድያ_ጎተራ

ስለ መርዝ ልጨምር፤ እኛ ጋ ከበሽታ ይልቅ እሱ ነው የሚጨርሳቸው። ሦስት ዓይነት ነው፣ ምልክቱም ይለያያል።

አንደኛው የአይጥ መርዝ ዚንክ ፎስፋይድ (ጥቁር ግራጫ ዱቄት) ወይም ለነቀዝ እህል ውስጥ የሚገባው ክኒን፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ። ሁለቱም ሆድ ውስጥ ፎስፊን ጋዝ ይለቃሉ። ከ15 ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ታስመልሳለች፣ ሆዷ ይነፋል፣ ትተነፍሳለች አትተነፍስም ትሆናለች፣ ትንፋሿ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ አሳ ይሸታል። ሽታውን ለማረጋገጥ ብላችሁ አፍንጫችሁን ወደ ትውከቱ አታቅርቡ፤ ጋዙ ሰውንም ይገድላል። በር መስኮት ክፈቱ፣ ባጃጅ ውስጥ ከሆናችሁም ሸራውን ግለጡ።

ሁለተኛው ለከብት መዥገር የሚረጨው ዲያዚኖንና ዘመዶቹ። ለሃጭ፣ እንባ፣ ተቅማጥ፣ የጠበበ የዓይን ብሌን፣ የጡንቻ መንዘፍዘፍ። ለዚህ ሀኪሙ አትሮፒን አለው፣ ፈጥኖ ከደረሰ ትድናለች። ጸጉሯ ላይ ከሆነ የፈሰሰባት ጓንት አድርጋችሁ በሳሙና አጥቡላት፣ አድርቁላት።

ሦስተኛው ደም የሚያቀጥነው ባለ ቀለም የአይጥ መርዝ ነው፣ ይሄ አታላይ ነው። ከበላች በኋላ ከ3 እስከ 5 ቀን ደህና ትመስላለች፣ ከዚያ ድዷ ይገረጣል፣ ከአፍንጫዋ ወይም ከሰገራዋ ደም ይታያል፣ ሳንባዋ ውስጥ ሲደማ ትንፋሽ ያጥራታል። ቫይታሚን ኬ1 ያድናታል፣ ግን ለሳምንታት መሰጠት አለበት።

በጨው ውሃ ማስመለስ የሚባለውን ተዉት። ጨው ራሱ ይመርዛታል፣ ፈሳሹም ወደ ሳንባዋ ይገባል። የመርዙን ማሸጊያ ካገኛችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግማሹ ሕክምና እሱ ነው።

ባቲ_ሰኞ

ከመርዙ ጋር የሚሄድ ሌላም አለ። ለእከክ ብለው የተቃጠለ ዘይት፣ ነጭ ጋዝ፣ የትንባሆ ውሃ የሚቀቡ አሉ። ድመት የተቀባችውን ሁሉ ትልሳለች፤ እከኩ ሳይሆን ቅባቱ ነው የሚገድላት። ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒትም እንደዚሁ፣ በሰዓታት ውስጥ ያንዘፈዝፋታል።

የወስፋትና የእከክ መድኃኒት የሆነው አይቨርመክቲንም አለ። የከብቱ መርፌ 1 በመቶ ነው፣ በአንድ ሚሊ 10 ሚሊ ግራም። ለድመት በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ከሆነ የ3 ኪሎዋ ድርሻ 0.06 ሚሊ ነው፤ ጠብታ በሉት። ሰው በከብት ልማድ ግማሽ ሚሊ ይወጋና ድመቷ ታወረች፣ ተንገዳገደች ይላል። መመዘኛና የኢንሱሊን መርፌ የሌለው ሰው አይንካው። ለግልገሎች ጭራሽ አይደረግ።

ሆጤ_ሰፈር

ግልገሎች ከተነሱ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስቱ ሲያስመልሱና ሲያስቀምጣቸው ምንድን ነው? ውሃው ሳህን ላይ አንገታቸውን ደፍተው ሳይጠጡ የሚቀመጡት።

የእንስሳት_ሀኪም_ኮምቦልቻ

ያ አቀማመጥ የፓንሊኮፔኒያ የታወቀ ምልክት ነው፤ የውሻ ፓርቮ ዘመድ የሆነ ቫይረስ። አንጀቱን ያቆስላል፣ ነጭ የደም ሴሎችን ይጨርሳል። ያልተከተበ ግልገል በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ አንዳንዴም ምንም ሳይታይ ጠዋት ሞቶ ይገኛል፣ ሰውም መርዝ ነው ይላል። ለሰው አይተላለፍም። የሚያድናቸው ፈሳሽ መተካት፣ ሙቀትና በላዩ ለሚመጣው ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ ነው።

ከባዱ ጣጣ ቦታው ነው። ቫይረሱ እስከ አንድ ዓመት አካባቢ ውስጥ ይቆያል፣ አልኮል አይገድለውም። በረኪና ይገድለዋል፤ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ፣ መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙና ታጥቦ ከተወገደ በኋላ፣ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ከዚያ በውሃ ይታጠብ። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበት የለውም፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዴቶል አትጠቀሙ፣ ውስጡ ያለው የፌኖል ዘር ኬሚካል ለድመት መርዝ ነው። ካርቶኑንና ጨርቁን አቃጥሉት። የታመሙት ጋ ገብታችሁ ጫማ ሳትቀይሩ ወደ ሌላ ሰፈር ድመቶች አትሂዱ።

ማስነጠስና ዓይን መዘጋት ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ጉንፋኑ ነው። አፍንጫው ሲደፈን ሽታ ስለማይሰማት መብላት ታቆማለች። የአፍንጫዋን ቅርፊት ለብ ባለ የጨው ውሃ (አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው በግማሽ ሊትር ፈልቶ የበረደ ውሃ) አርጥባችሁ ጥረጉላት፣ ምግቡን ሞቅ አድርጉት። ግልገል ሆኖ ዓይኑ ካበጠ አትቆዩ፣ ዓይኑ ሊፈርጥ ይችላል።

ገራዶ_ልጅ

አውራ ድመት ሰገራ እየፈለገ እምቢ ሲለው ዘይት እንሰጠዋለን። ትክክል ነው?

የእንስሳት_ሀኪም_ኮምቦልቻ

መጀመሪያ ሰገራ መሆኑን ማን ነገረህ? አብዛኛውን ጊዜ ሽንቱ ነው። አውራ ድመት ቶሎ ቶሎ ቁጢጥ እያለ፣ እያማጠ፣ ብልቱን እየላሰ ጠብታ ወይም ደም ብቻ ከወጣው ወይም ምንም ካልወጣው ቱቦው ተዘግቷል። ከዚህ ውይይት ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ሽንቱ ሲታቆር በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይጨምርና ልቡን ያቆመዋል፤ ከ1 እስከ 3 ቀን ነው ዕድሜው። ማስመለስ ከጀመረና ከተዝለፈለፈ ሰዓት ነው የቀረው። ፊኛውን በሆዱ በኩል እንደ ጠንካራ ድቡልቡል ነገር ልትዳስሰው ትችላለህ፣ ግን እንዳትጨምቀው፣ ይፈነዳል። ዘይት ምንም አያደርግለትም፣ በግድ ከተሰጠውም ወደ ሳንባው ይገባል። ቀጭን የድመት ካቴተር (ሽንት ማስወጫ ቱቦ) ይፈልጋል፤ ብዙው ክሊኒክ የከብት ስለሆነ ከመሄድህ በፊት ደውለህ አለ የለም ጠይቅ።

ሆጤ_ሰፈር

ክሊኒክ ከተነሳ፣ በኛ አካባቢ ቀዳሚዎቹ በየወረዳው ያሉት የእንስሳት ክሊኒኮች ናቸው። ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪው። ላቦራቶሪው መመርመሪያ እንጂ ማከሚያ አይደለም፣ ድመት ታቅፋችሁ እዚያ በር ላይ አትቁሙ።

አያያዙንም ልንገራችሁ። ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አትክተቱ፣ አየር ያጥራታል፣ በላዩም ትነክሳችኋለች። አንድ ትልቅ ቅርጫት አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ በእንጨት አስደግፉት፣ እንጨቱ ላይ ረጅም ገመድ እሰሩ፣ ሥሩ የሚሸት ነገር (የአሳ ራስ ወይም ጉበት) አስቀምጡ፣ ስትገባ ሳቡት። ወዲያው ቅርጫቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ ጨለማ ሲሆን ትረጋጋለች። ከዚያ ጠፍጣፋ እንጨት ከሥር አንሸራቱ። የደከመችዋን ደግሞ ከኋላ መጥታችሁ በብርድ ልብስ ሙሉ በሙሉ ጠቅልሏት። የቆዳ ጓንት ቢኖርም ጥርሷ ያልፋል።

የእንስሳት_ሀኪም_ኮምቦልቻ

ደህና። ከተያዘች በኋላ በጣም ከደከመችና የእብድ ውሻ ጥርጣሬ ከሌለ ብቻ ከንፈሯን በእርሳስ ጫፍ ገለጥ አድርጋችሁ ድዷን እዩ። ሮዝ ጤና ነው። የገረጣ ደም ማነስ ወይም መድማት፤ ግልገል ከሆነ ቁንጫ ብቻውን ደሙን ይጨርሰዋል። ቢጫ ጉበት፤ የጆሮዋ ውስጥ ላይም ይታያል። ሰማያዊ ወይም ቡናማ ከሆነ እያያችሁ አትቁሙ። ትከሻዋ መሃል ያለውን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁት፤ ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አጥሯታል፣ ዓይኗም ከጎደጎደ ብዙ አጥሯታል። እዚህ ላይ ሪንገር ላክቴት ወይም 0.9 በመቶ ሳላይን በሰውነቷ ሙቀት ልክ ሞቆ ከቆዳ ሥር ይሰጣል፣ በአንድ ጊዜ በኪሎ 20 ሚሊ አካባቢ፤ ሀኪም ያሳየው ሰው ነው የሚሰጠው። 40 በመቶው ግሉኮስ ከቆዳ ሥር አይገባም፣ ሥጋውን ያበሰብሰዋል። ትንፋሽ ላጠራት ድመትም ፈሳሹን አትስጡ።

የኋላ እግሯ በድንገት የተያዘች ካጋጠማችሁ መዳፎቿን ተመልከቱ። ቀዝቅዘው ከነጡና በጣም ከጮኸች የደም መርጋት ነው። ሙቀት ካላቸውና ጭረት ካለ መኪና ወይም ባጃጅ ነው፤ በዚህ ጊዜ በሆዷ ከተነፈሰች ዲያፍራሟ (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) ተቀዶ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጋችሁ ውሰዷት። ጭረትም ብርደትም ከሌለ፣ እላይ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ወዳልኩት ተመለሱ፣ በባዶ እጅ አትንኳት።

ሴቷ ከኋላዋ መግል ካፈሰሰች ወይም ሆዷ አብጦ ውሃ ካበዛች ማህፀኗ ነው። መዳኛው ቀዶ ሕክምና ነው፣ በመርፌ ብቻ አይመለስም።

እቴ_ዘሀራ

ነጫጮቹ ድመቶች ጆሯቸው ጫፍ ላይ የሚወጣው ቅርፊትስ? ክረምት ከበጋ አይድንም።

የእንስሳት_ሀኪም_ኮምቦልቻ

እቴ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ነጭ ጆሮ አትምርም። የጆሮ ጫፍ ወይም የአፍንጫ ቁስል ሳምንታት አልፎት ካልዳነ፣ ከተሸረሸረ፣ ከደማ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ጆሮ ላይ ሳለ ጫፉን ቆርጦ ማዳን ይቻላል። ቅርፊቱ የጆሮውን ጠርዝ ይዞ ወደ ግንባር ከወረደና በጣም ካሳከካት ግን እከክ ነው፤ ጸጉሩ ክብ ክብ ሆኖ ከረገፈ ጭርት። ጭርት ወደ ልጆች ይተላለፋል፣ እጅ መታጠብ ነው።

ሐይቅ_ዳር

አንዲቷ ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ይታያል፣ ትበላለች ግን ታስመልሳለች። ስቤ ላውጣው?

የእንስሳት_ሀኪም_ኮምቦልቻ

አትሳበው። ሌላኛው ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም ጨጓራዋ ውስጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ስትስበው አንጀቷን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። የሚረዝመው ካስቸገራት ብቻ በመቀስ ቆርጠህ ሁለት ጣት ያህል ተውለት። እያስመለሰች ስለሆነ ምግብ አትስጣት፣ ዛሬውኑ ወደ ደሴ አምጣት፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ ላይ ቅርጫቱን ሸፍነህ እግርህ ሥር አድርገው። ክሩ መርፌ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ለሀኪሙ አስቀድመህ ንገረው።